ቀይ የተቀቡት ስድስት ጥይቶች

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ የሎስት ፎርክ ካውንቲ ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት፣ ዋዮሚንግ
ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡20
የምስክሩ ስም፦ ላይማን ቶርገርሰን
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የካውንቲው የመንገድ ግሬደር ኦፕሬተር የነበረ፣ አሁን ጡረተኛ
አድራሻ፦ ከድሮው ጠጠር ማውጫ በስተምሥራቅ፣ ሁለተኛው ቤት
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሸሪፍ ጆሊን ማክአርድል

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ መኪናዬን ራሴ ነድቼ መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁትም የወንድሜ የኦሪን ቶርገርሰን ሚስት ዳርሊን፣ ሰኞ ዕለት ለዚሁ ጽሕፈት ቤት «ላይማን ሆን ብሎ ነው የባሌን ዓይን ያጠፋው» ብላ ማመልከቷን ከሰው አፍ ስለሰማሁ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከገበታዬ የበላች ሴት ናት። ፊት ለፊት መጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጣም ተናድጃለሁ፤ መናደዴም ይጻፍልኝ ብዬ ጠይቄ ተጽፏል።

ቂም አለው የምትለው በአባታችን ጠመንጃ ምክንያት ነው። አባታችን ሲሞት ጠመንጃውን ለታናሹ ለኦሪን ተወለት። ቅር ብሎኛል፣ አልክድም። ነገር ግን ቂመኛ ሰው ሦስት ወር ሙሉ አጎንብሶ ለዚያው ጠመንጃ ጥይት ሲያበጅ ይከርማል ወይ? እስቲ ይህን ትመልስልኝ!

ጁላይ መጀመሪያ ላይ ኦሪን ቤቴ መጥቶ «በናትህ ላይማን፣ ከሱቅ የምገዛው ጥይት አምስት መቶ ያርድ ላይ እንደ ዶሮ ጥሬ ነው የሚበተነው። አንተ አብጅልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። የተተኮሱ ቀለሆችን አጥቤና አስተካክዬ፣ ባሩዱን እየመዘንኩ ሞላሁ። ከመመሪያው መጽሐፍ ዝቅተኛ ልክ ተነሥቼ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረግሁ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ አምስት አምስት ጥይት አዘጋጅቼ፣ የእሱኑ ጠመንጃ ተቀብዬ ከጠጠር ማውጫው ጀርባ በወረቀት ኢላማ ላይ ፈተንኩ። በአራተኛው ደረጃ አምስቱም ጥይቶች አምስት መቶ ያርድ ላይ መዳፍ በምትሸፍነው ቦታ ገቡ። አባታችን ራሱ እንዲህ ተኩሶ አያውቅም።

ከዚያ በላይ ያዘጋጀኋቸው ሁለት ደረጃዎች ግን አላማሩኝም። አራቱን ስተኩስ የጠመንጃው ማቀባበያ አልነሣ እያለ አስቸገረኝ፤ የቀለሆቹም ግርጌ ላይ የሚያብለጨልጭ ምልክት ወጣ። ይህ ግፊቱ ከልክ አለፈ፣ አቁም ማለት ነው። አቆምኩ። ያልተተኮሱ ስድስት ጥይቶች ተረፉ። ፈትቼ ባሩዱን ላፈስስ አስቤ፣ እስከዚያው ማንም እንዳይተኩሳቸው ግርጌያቸውን ቀይ ቀባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ላይ ስሠራ ቀይ ባንዲራ አይቶ ያልቆመ ሾፌር አላየሁም። በአራተኛው ደረጃ ልክ የሞላኋቸውን አርባ ደኅና ጥይቶች አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ አድርጌ «ኦሪን» ብዬ ጻፍኩበት።

አደገኛ ጥይት በሥራ ቤትህ ጠረጴዛ ላይ ለምን ተውክ ተብዬ ተጠይቄ፣ ጥይት መፍቻ መዶሻዬ ተሰብሮ አዲሱን በፖስታ እየጠበቅሁ ስለነበር ነው ብዬ መልሻለሁ። የሥራ ቤትህን በር ለምን አልቆለፍክም ለተባልኩት፣ ወይዘሮ ማክአርድል ራስዎ እዚሁ ነው ያደጉት፣ በዚህ አገር በሩን የሚቆልፍ ማን አለ ብዬ መልሻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦሪን ጥይቱን ሊወስድ ሲመጣ እኔ ጎረቤት ዘንድ ጥጆች ልጭን ሄጄ ነበር። በስልክ «አረንጓዴው ሳጥን ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትነካ» አልኩት። «እሺ ጌታው፣ ሌላ ትእዛዝ?» ብሎ አሾፈብኝ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

እሑድ ኦክቶበር 13 ጎህ ሲቀድ በእኔ መኪና ወጣን። ኦሪን ባርኔጣውን ገልብጦ ከፊት መስታወቱ ስር አስቀምጦት ነበር። ቀኑ ፀሐያማ ነበር። ባርኔጣው ውስጥ ጥይት እንዳለ አላየሁም። ባየው ኖሮ ወዲያው እወረውረው ነበር፤ ልኩን ያለፈ ጥይት ፀሐይ ሲሞቅ ግፊቱ ይብስበታል።

ከቀኑ 5፡40 ገደማ ሸንተረሩ ላይ በደረታችን ተኝተን ነበር። ትልቅ ወንድ አጋዘን በ480 ያርድ ርቀት ላይ ቆሟል። እኔ በመነጽር አጋዘኑን እያየሁ ርቀቱን ስነግረው ኦሪን ጠመንጃውን ያጎርስ ነበር። ያን ጊዜ እየሳቀ «የደበቅክብኝን ምርጦቹን ይዤልህ መጥቻለሁ» አለኝ። ይህ ሰው ከልጅነታችን ጀምሮ ምርጥ ምርጡን ትደብቅብኛለህ ሲለኝ ነው የኖረው፤ የዓሣ ማጥመጃ ትል እንኳ ሳይቀር። እንደ ወትሮው ቀልዱ መስሎኝ፣ ዓይኔን ከመነጽሩ ሳላነሣ «አፍህን ዝጋና ተኩስ» አልኩት።

ዳርሊን እንደ ማስረጃ ያቀረበችው ይህችን ቃል ነው። እኔ ኦሪንን በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ አፍህን ዝጋ ብዬዋለሁ! እሷስ ስንት ጊዜ ብላዋለች!

ተኮሰ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ዞር ስል ጠመንጃውን ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ከማቀባበያው በኩል ጭስ ይወጣል። የቀለሁ ግርጌ ፈንድቶ ጋዙ ወደ ቀኝ ዓይኑ ተመልሷል። ሸሚዜን ቀድጄ አሰርኩለትና ተሸክሜው ወደ መኪናው ወረድኩ። በመንገድ ላይ «አጋዘኑ ወደቀ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወድቋል አልኩት። አልወደቀም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ የቀኝ ዓይኑ ከእንግዲህ እንደማያይ ነገሩን።

ከባርኔጣው ውስጥ አምስት ጥይት አገኘሁ፤ ግርጌያቸው ቀይ ነው። ለዚሁ ጽሕፈት ቤት አስረክቤአለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የራሱ የኦሪን ነው። አረንጓዴ አልኩት፣ ቀይ አነሣ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው ቀይ እያየ የሚያነሣ!

ከዚህ በኋላ ምክትል ሸሪፏ ትናንት የሥራ ቤቴ ውስጥ ያነሣችውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ቀዮቹ ጥይቶች ከነበሩበት ቦታ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ምንድን ነው ስትል ጠየቀችኝ። የኢላማው ወረቀት ነው፣ አምስቱ ጥይቶች መዳፍ በምትሸፍን ቦታ የገቡበት፣ ብዬ መለስኩ። የተከበበው በምን ቀለም ነው አለችኝ። ውኃ ጠይቄ ተሰጠኝ።

የተከበበው በቀይ ነው። የከበብኩት እኔ ነኝ፤ በዚያው ጥይቶቹን በቀባሁበት ቀለም፣ በዚያው ቀን። አባታችን ኢላማ ሲያስተኩሰን ከሁሉ የበለጠውን በቀይ እርሳስ ይከብብ ነበር። ቀይ የተከበበለት ልጅ የዚያን ቀን መኪና ውስጥ ከፊት ይቀመጣል። እኔና ኦሪን ለዚያ ቀይ ስንት ጊዜ ተደባድበናል። እኛ ቤት ቀይ ማለት ምርጥ ማለት ነው። እኔ በመንገድ ሥራ ስኖር ሌላ ትርጉም ለመድኩና ለኦሪን አልነገርኩትም። ያንን ወረቀት አይቶ፣ ከሥሩ ያሉትን ቀዮች አይቶ፣ ወንድሜ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ይዣቸው መጥቻለሁ ብሎም ነግሮኝ ነበር። አፍህን ዝጋ አልኩት።

ዳርሊን ሆን ብሎ ያለችው ሐሰት ነው፤ ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለቷ ግን ሐሰት አይደለም።

ቃሌ ከላይ እስከ ታች ተነቦልኛል። «ጥፋቱ የራሱ የኦሪን ነው» ያልኩት እንዲሰረዝልኝ ጠይቄ፣ የተሰጠ ቃል አይሰረዝም ስለተባልኩ፣ ስህተት መሆኑ እዚህ እንዲጻፍ አድርጌአለሁ። ስለ አጋዘኑ ለወንድሜ ከነገርኩት በቀር በዚህ ውስጥ የዋሸሁት ነገር የለም። እሱንም ዛሬ ከዚህ ወጥቼ ሆስፒታል ሄጄ እነግረዋለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ላይማን ቶርገርሰን
ቃሉን የተቀበለችው፦ ም/ሸሪፍ ጆሊን ማክአርድል
ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡55