የተቸነከረው መስኮት

— ሄሎ... አዎ፣ የአላምረው ሱቅ ነው... እኔው ነኝ፣ ወንድምህ ዳኛው። አያ ሐዲስ፣ ምነው ከአሥመራ ድረስ?... እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤቴ ይመኙሽ ግን... ታስላለች።

— ሐኪም አይቷታል። ብናኙ ነው አለኝ። ከምትተኙበት ቤት እንጨት እየፋቅህ አለኝ... አዎ፣ ለአባባ የተናገረውን ነው የደገመው።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... አቶ አላምረው፣ በሩን ገርበብ ያድርጉልኝ፤ የመኪናው ድምፅ አላሰማ አለኝ... እህ፣ አሁን ይሰማል።

— ዝም ብዬማ አልተቀመጥሁም። የላክህልኝን ማራገቢያ ብናኙን እንዲስብ ከመጋዙ ሥር ተከልሁት። የቆርቆሮ ቱቦ አስበይጄ፣ ግድግዳውን በስቼ፣ ከጓሮ በርሜል አስገባሁት። ወፍራሙ ሰጋቱራ እበርሜሉ ይቀራል፤ ደቃቁን የአቡጀዲ ከረጢት ይይዘዋል... ሸጋ ነበር፣ ግን አይስብም። ብናኙ እንዳለ ይንሳፈፋል።

— ቱቦው አልተደፈነም... ምን መግቢያ?... አዎ፣ ገባኝ። አየር ካልገባ ምኑን ያወጣል... በሩማ ወደ መኝታችን ነው፣ ብናኙ እሷው ላይ ይሄዳል።

— መስኮቱ... አለ። ተቸንክሯል... እኔ ነኝ የቸነከርሁት።

— የለም፣ አባባ ከሞቱ ወዲህ አይደለም። በፊት ነው፣ ኅዳር ላይ። የቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ነፋሱ አፈር እያመጣ አበላሸብኝ። አባባ እዚያው ጥግ ተኝተው «ልጄ፣ ክፈተው፣ አየር አጠረኝ» አሉኝ። «ቫርኒሹ ይድረቅ» አልኋቸው። በማግስቱም ለመኑኝ። አልከፈትሁም... ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። እስከ ጥር ድረስ፣ እስኪሞቱ፣ አንድ ቀን እንኳ።

— አያ፣ አባባ አሁንም ያስላሉ።

— ይመኙሽ አይደለችም፤ እሷ ገበያ ሄዳ ነው። መጋዙን ሳጠፋ፣ ከዚያ ጥግ። ሁለቴ ያስሉና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ... ነፋስ? ነፋስ በየት ይገባል፣ አያ?... ቄሱም ጠበል ረጭተውበታል።

— ሄሎ?... አለህ?... ምን አልህ?

— መቸንከሬን ታውቅ ነበር? ማን ነገረህ?... እሳቸው ራሳቸው? መቼ?... ልትጠይቃቸው የመጣህ ጊዜ... «እንዳትወቅሰው» አሉህ?... «ብትወቅሰው ሥራውን ይጠላል»...

— አለሁ። እየሰማሁህ ነው።

— ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ይዘህ... አይ፣ አልቆጣሁም። እኔስ ምን አፍ አለኝ።

— ሞክሬ ነበር። ትናንት ጉጠት ይዤ ቀርቤ፣ አንዱን ምስማር ነቀልሁ። ልክ ስነቅለው ከኋላዬ ትንፋሽ ሲስቡ ሰማሁ። ጥዬው ወጣሁ... አምስት ቀርቷል።

— አሁን? አሁኑኑ?... አውቃለሁ። እሷም እንዳትሞትብኝ፣ አውቃለሁ... ቆይ፣ አትዝጋ።

— አቶ አላምረው፣ አንድ ጊዜ አብረውኝ ይመጣሉ? እቤት ነው፣ ምስማር ለመንቀል... እጅ አንሶኝ አይደለም። ብቻዬን መግባት አቃተኝ... እግዜር ይስጥልኝ።

— አያ፣ አብረውኝ ሊመጡ ነው። ሱቁን ሊዘጉ ተነሥተዋል... እሺ፣ ማራገቢያው ከሳበ እደውልልሃለሁ። ይመኙሽንም ከዚያ ቤት አስወጥቼ እህቷ ዘንድ አስተኛታለሁ።

— አያ... ደግመው ቢያስሉስ?

— ... እሺ። «ከፈትሁት» እላቸዋለሁ።

— ደህና ዋል።