ከታሲቱርን ጎን የተነቀለችው ሳንቃ

ክቡር ሙሴ ደ ትሬቭሌ፣ የወደባችን ሹም፤ ክቡራትና ክቡራን፤ የመዶሻ ጓደኞቼ፦

ለአንድ ቅጥራን ለቅላቂ ሽማግሌ መሰናበቻ ብላችሁ ይህን ሁሉ የፖም ጠጅ ስላቀረባችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታንጊ፣ አንተ ግን ቀስ በል፤ ንግግሬ ሳያልቅ በርሜሉ እንዳያልቅ።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። ዕድሜዬን የበላችው ይህች መርከብ፣ ታሲቱርን ናት። እዚሁ ብሬስት ስትሠራ ስንጥቋን የደፈንነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ጉልቬን ነን። ወደ ባሕር ስትንሸራተት ከተማው ሲጮህ፣ የእኛ ድምፅ ከጩኸት ብዛት ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ህንድ ድረስ ሄዳ ግማሹን ሰው ባሕር ውስጥ ቀብራ ተመለሰች። እንግሊዞች ማረኳት፤ መልሰን ወሰድናት። ስታረጅ የበሽተኞች ማደሪያ ሆነች። አሁን ደግሞ እንደምታዩት እያፈረስናት ነው።

ጉልቬን የመርከቧ ጠጋኝ ሆኖ አብሯት ይጓዝ ነበር። እንግሊዞች ሳይማርኳት በፊት በነበረው ውጊያ፣ የመድፍ ጥይት ጎኗን ሲበሳው ቀዳዳውን ሊደፍን ወደ ሆዷ ወረደ። ቀዳዳው ተደፈነ። ጉልቬን ግን አልወጣም። ውኃው ተቀድቶ ሲያልቅ ሬሳው ቀርቶ ቆቡ እንኳ አልተገኘም። ሚስቱ ሶአዚክ ዌሳን ደሴት ላይ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ በሬሳው ፈንታ ትንሽ የሰም መስቀል አስተኝታ አስለቀሰች። የቀበርነውም እሱኑ ነው።

ችንካር እንዴት እንደምንመታ ታውቃላችሁ። የውጭው ሰው ያንኳኳል፤ የውስጡ ሰው ሁለቴ መልሶ አንኳኩቶ "ዞር ብያለሁ፣ ምታ" ይላል። መልስ ሳይጠብቅ የመታ የጓደኛውን እጅ ይበሳል። መርከቧ ከዚያ ውጊያ እንደተመለሰች፣ ወንድሜ የጠገናትን ሳንቃ አንኳኳሁ። ሁለቴ ተመለሰልኝ። መታሁ። ዘወር ስል የውስጡ ሠራተኛ ከኋላዬ ቆሞ ሾርባውን ይጠጣል።

"ውስጥ ማን አለ?" አልኩት።

"ማን ይኖራል? ሁላችንም እዚህ ነን እኮ!"

ፈራሁ? አዎ። ግን ደስም አለኝ፤ ወንድሜ ነዋ! ከዚያ ወዲህ ለጥገና በመጣች ቁጥር አንኳኳለሁ፣ ይመልስልኛል። እንግሊዞቹ ቀለሟንም ስሟንም ለውጠው፣ ያንን ጎኗን በአዲስ እንጨት ሲያድሱ ያቺን ሳንቃ ብቻ አልነኳትም። ለምን ይመስላችኋል? እነሱም አንኳኩተው ነበራ።

ሰሞኑን ሳንቃዋ ተነቅላ ለአዲሱ የጦር መርከብ እንድትገጠም ታዘዘ። ሶአዚክ ይህን ሰምታ ባሕር አቋርጣ መጣች።

"ወንድምህን ደግሞ ለሌላ ጦርነት ልትሰጡት ነው? አንዴ መሞቱ አይበቃውም?" ብላ አለቀሰችብኝ። ወደ ሹማችን ወደ ሙሴ ሄጄ ሳንቃዋን ለመንኩ።

"ኮራንታን፣ የንጉሥ እንጨት ለአሮጊት ቅዠት አይታደልም" አሉኝ። ይቅርታ ሙሴ፣ ብለዋል እኮ!

"እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ያንኳኩ። ዝም ካለች ይውሰዷት" ብዬ መዶሻዬን ሰጠኋቸው።

ሳንቃዋ ግቢው ውስጥ በሁለት ግንድ ላይ ተጋድማ ነበር። ከሥሯ ሣር ብቻ ነበር። ሙሴ እየሳቁ መዶሻውን አነሡ። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ፤ ፊታቸው እንደ ሰም ነጣ። ሳይመቱ መዶሻውን መለሱልኝና "ውሰዳት፤ ዛሬውኑ ውሰዳት" አሉኝ።

ሙሴ፣ ስለ ስጦታዎ ከልብ አመሰግናለሁ። መዶሻው ሳያርፍ በፊት ምን እንደሰሙ አልጠይቅዎትም።

ሳንቃዋ ታንኳ ላይ ተጭናለች። ነገ እኔና ሶአዚክ ወስደን ከሰም መስቀሉ ጎን እናሳርፋታለን። ወንድሜ በስተርጅናው ወደ ሚስቱ ይመለሳል።

እናንተንም ቅድስት ሐና ትጠብቃችሁ። እጃችሁ አይዛል፤ ልጆቻችሁ ባሕር ደርሰው በሰላም ይመለሱ። ስታንኳኩም ከውስጥ የሚመልስላችሁ ሁልጊዜ ሕያው ሰው ይሁን።