የሦስተኛው ዙር ፍርድ

(አዲስ አበባ፣ ውድ ስፒከሮች ለገዢ እየተከፈቱ በሚዳኙበት የሆቴል አዳራሽ በር ላይ፤ የታወቀው የቴአትር ቤት የድምፅ ባለሙያ አሰግድ፣ ለሦስተኛውና ለመጨረሻው ዙር ዳኝነት ሊጠራ ጥቂት ሲቀረው፣ የሚስቱን የየውብዳርን ክንድ ይዞ አልለቅም ብሏል።)

አሰግድ፦ እባክሽ የውብዬ፣ አንድ ዙር ብቻ! ፊት ወንበር ላይ ቁጭ በይልኝ። የስፒከሩ ድምፅ ጥሩ ሲሆን ነጠላሽን ወደ ትከሻሽ፣ መጥፎ ሲሆን ወደ ጉልበትሽ። እስከ ዛሬ ስታደርጊው የኖርሽውን!

የውብዳር፦ አላደርገውም ብያለሁ፣ በቃ! ክንዴን ልቀቀኝ፣ ሰው ያያል።

አሰግድ፦ ይየኝ! ቀጭን ድምፅ ጥሎኝ ሄዷል፤ አንቺንም የምሰማሽ ጆሮዬ ሥር ሆነሽ ስታወሪ ነው፤ ማሲንቆ ሲመታ የማየው የተጫዋቹን እጅ ብቻ ነው። ይህን ካወቁ ነገውኑ ከቴአትር ቤቱ ያስወጡኛል።

የውብዳር፦ ያስወጡሃ! ጡረታ የሞት ፍርድ ነው?

አሰግድ፦ ለእኔ ነው! ያለዚያ ሥራ እኔ ማን ነኝ?

የውብዳር፦ ባሌ ነህ።

አሰግድ፦ አትቀልጂብኝ፣ ልቤ ሊቆም ነው።

የውብዳር፦ መች ቀለድኩ? መጀመሪያ «ለዛሬ ብቻ» አልከኝ፤ እሺ አልኩ። እያሳሳቀ ነው ውሃ የሚወስድ። እኔ ስለ ስፒከር ምን አውቄ! ደስ ካለኝ ወደ ትከሻ፣ ራሴን ካመመኝ ወደ ጉልበት። ዛሬ ደግሞ የሚገዛው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። በጆሮ ለሚኖሩ ልጆች በነጠላዬ ልፍረድ?

አሰግድ፦ እሺ፣ ተይው፤ ራሴ እችላለሁ! ሁለተኛው ዙር ላይ ጥለሽኝ ስትወጪ ብቻዬን ፈረድኩ አይደል? የቀኙን ረጅሙን ስፒከር «አንጀት ያርሳል!» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የውብዳር፦ ጭብጨባውን ሰማኸው?

አሰግድ፦ … እጃቸውን አየሁ።

የውብዳር፦ አይ አሴ!

አሰግድ፦ ምነው? ንገሪኝ እንጂ!

የውብዳር፦ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የቀኙ ስፒከር ጭራሽ አልተከፈተም፤ ገመዱ ተነቅሎ ኖሯል። ይሰማ የነበረው የግራው ትንሹ ነው።

አሰግድ፦ ውሸትሽን ነው!

የውብዳር፦ ማርያምን! ስፒከሮቹን ያስመጣው ነጋዴ ሮቤል ገመዱን አይቶ ሊናገር ነበር፤ ፊትህን ሲያይ ዋጠው።

አሰግድ፦ ያ ሁሉ ሰውስ? ለምን አጨበጨበ?

የውብዳር፦ ይሉኝታ ነዋ! እንዳንተ ያለ ሰው በአደባባይ ሲዋረድ ማን ማየት ይፈልጋል? አንዷማ እንባዋን እየጠረገች ነበር የምታጨበጭበው።

አሰግድ፦ ወይኔ አሰግድ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! በይ በጓሮ በር አውጪኝ። አመመው በያቸው፣ ሞተ በያቸው!

የውብዳር፦ እንውጣ ካልክ እንውጣ፤ እኔም ሆዴ አልቻለም። ግን አንድ ያላጨበጨቡ ሰው አሉ።

አሰግድ፦ ማን?

የውብዳር፦ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር። ዓይነ ስውር ናቸው፣ ፊትህን አላዩ። «እኔ የሰማሁት ከግራ ብቻ ነው፤ ጋሽ አሰግድ ቀኙን ነው የሚሉት? ጆሮዬ ደከመ ማለት ነው?» እያሉ ዙሪያቸውን ይጠይቃሉ። ሰው ሁሉ አቀርቅሯል፤ የሚመልስላቸው ጠፋ።

አሰግድ፦ የራሳቸውን ጆሮ ተጠራጠሩ?

የውብዳር፦ አንተን አምነው።

አሰግድ፦ … በይ አስገቢኝ። እሳቸው አጠገብ አቁሚኝና ጆሮው የጠፋው እኔ መሆኔን ከአፌ ይስሙ።