ኩንታል አይጨፍርም

የሞተር ብስክሌቴ ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ ያን ቀን ባምባሲ ላይ አልቆምም ነበር። ጎሚስታው ጎማዬን እስኪለጥፍ ጥላ ፍለጋ ዞር ስል፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው በቆመ አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ወጥተው ካሶኒውን በእርምጃ ሲለኩ አየሁ። አቶ ጎሹ ነበሩ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከወሎ መጥተው እዚህ ከሰፈሩት አንዱ ናቸው፤ ዛሬ የታወቁ የበቆሎና የሰሊጥ ነጋዴ ሆነዋል። ልጆቻቸውን ጌትነትንና ስርጉትን ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ።

«እንዴት ዋሉ አቶ ጎሹ? እህል ሊጭኑ ነው?»

«ሰው ነው እንጂ መምህር! የጌትነት ሠርግ እሑድ አይደል? አጃቢውን አሶሳ፣ የሙሽራዋ አባት ነገራ ደጅ የማደርሰው በዚህ ነው። ይቺ መኪና ሃምሳ ኩንታል ትጭናለች። ሁለት ሰው አንድ ኩንታል ነው። እንግዲህ መቶ ሰው ማለት አይደል?»

ደነገጥኩ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ብዙ የተሳሳተ ሒሳብ አርሜአለሁ፤ ስሌቱ ልክ ሆኖ ያስደነገጠኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«መቶ ሰው ቆሞ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሊተኛ ኖሯል?» ብለው ሳቁ።

የመኪናው ባለቤት ማህጁብ በሩን ተደግፎ ያዳምጠን ነበር። የበርታ ልጅ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ነገሩን ሁሉ በዝግታ የሚናገር። «አባባ» አላቸው፣ «ወላሂ፣ ኩንታል አይጨፍርም።»

«ምን አልክ?»

«ኩንታል አስቀምጠኸው ይቀመጣል። ሰው ግን ይጨፍራል። እኔ ባለፈው ዓመት ሠርግ ጫንኩ። ከበሮ ሲመታ ሁሉም ወደ ቀኝ፣ ሁሉም ወደ ግራ። ኩርባው ላይ መሪው እንቢ አለኝ፣ ጎማው ከመሬት ተነሳ። አላህ መለሰው። እናቴ ሲሰማ ‹ሁለተኛ ሰው አትጫን› ብሎ አስማለኝ። እህል ካለህ እጭናለሁ።»

«አንተ ብትቀር ሌላ አይሱዙ ሞልቷል» አሉ አቶ ጎሹ፣ ቅር ብሏቸው።

በዚህ መካከል ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈችና ልጃቸው ስርጉት ለድግሱ የገዙትን ሽንኩርት ተሸክመው ደረሱ። ስርጉት አሶሳ ሆስፒታል ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። አባቷን ካሶኒው ላይ ስታይ ነገሩ ወዲያው ገባትና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባየ፣ እባክዎ ቀልድ ነው ይበሉኝ።»

«የምን ቀልድ?»

«ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ እንያዝ። ሁሉም ወንበር ላይ ይቀመጥ። ያልበቃን እንደሆነ አንዱ አድርሶ ይመለሳል።»

«ተመላልሶ! እጀባ እንዲህ ሲንጠባጠብ የት አየሽ? ስሚኝ ልጄ፤ ነገራ የወለጋ ሰው ነው። ሙሽራዋን ኢልሊን ሊሸኝ የሚመጣው አጎት ብቻ ግቢ ይሞላል። እኛ ደግሞ ሰፋሪ ነን። ሃያ ሃያ ሆነን ብንገባ ‹ሰፋሪ ምን ዘመድ አለው!› ነው የሚሉን። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ዘመድ ሳበጅ ኖሬአለሁ። ያበጀሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ሻከረ። ልቤ ተነካ፤ ለመፍረድም አፌ አልደፈረም። እኔ ራሴ ስዳር በጭነት መኪና ላይ እየጨፈርኩ ነው የሄድኩት። በደህና ስለተመለስን ብልኅ የሆንን መስሎን ነበር። እንዲያው የዕድል ጉዳይ ሆኖ ተረፍን እንጂ!

«አባየ» አለች ስርጉት፣ «ባለፈው ሚያዝያ ተረኛ ሳለሁ ከጭነት መኪና የወደቁ አጃቢዎች አመጡልን። ያንዷን ልጅ ክንድ ይዤ የደም ሥሯን ስፈልግ፣ የእጇ ሂና ገና አልደበዘዘም ነበር። ሥሯን አገኘሁት፤ እሷ ግን አልተረፈችም።»

«ነፍስ ይማር። አንቺ ግን የተጎዳ ብቻ ስታዪ ስለምትውዪ ዓለም ሁሉ የተጎዳ ይመስልሻል። እኛ ከወሎ እዚህ ድረስ ስንመጣ ወንበር ነበረን? ቆመን፣ እንደ ማገዶ ተጠቅጥቀን ነው የመጣነው። ምን ሆንን?»

ወይዘሮ አሰለፈች ሽንኩርቱን መሬት ላይ ዱብ አደረጉት።

«ጎሹ!» አሉ።

ባለቤታቸውን «የጌትነት አባት» ከማለት በቀር በስማቸው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ማህጁብም ቀና አለ።

«ምን ሆንን ነው ያልከው? ሸዋነሽስ?»

ወይዘሮዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ታናሽ እህቱ ነበረች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ። እኔም እዚያው መኪና ላይ ነበርኩ። እጇን እንደያዘ ‹ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት› ይለን ነበር። ሰው ከግራ ከቀኝ ደግፎ አቁሟታል። ደርሰን ሰው መውረድ ሲጀምር፣ ደጋፊ አጣችና ወደቀች። መቼ እንደሞተች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።»

ክው አልኩ። ስርጉት አፏን በእጇ ያዘች፤ አክስት እንደነበራት የሰማችው ያን ጊዜ ነው። አርባ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖረ ሐዘን ለልጅ እንኳ ሳይነገር መቅረቱ ከሞቱ ባልተናነሰ አስደነገጠኝ። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን። መከራው መጥቶ ከመከረ በኋላ ምክሩን ቀብረነው ብንሄድስ?

አቶ ጎሹ ካሶኒው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «ስንወርድ ቆጠሩን» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጎደለ።»

ከዚያ ወደ ስርጉት ቀና አሉ። «እሺ ልጄ። ነገራ ደጅ እንዴት ብዬ ልግባ?»

ስርጉት እንባዋን ጠረገች። «በአውቶቡስ እየተመላለስን አሶሳ መግቢያ ላይ እንሰብሰብ። ቀድመው የደረሱት ዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቁ። የመጨረሻው ሰው ሲመጣ ሁላችንም በእግራችን እየጨፈርን እንግባ። አባየ፣ መቶ ሰው ካሶኒ ላይ ሲታጨቅ ጭነት ነው፤ አስፋልት ላይ ሲሰለፍ ግን ዘመድ ነው።»

«የድግሱን ዕቃ እኔ እጭናለሁ» አለ ማህጁብ። «እሱ አይጨፍርም።»

እሑድ እንደተባለው ሆነ። በጭነት መኪና ቢሆን ቤት ይቀሩ የነበሩ ሽማግሌዎችና አንዲት ነፍሰ ጡር ሳይቀሩ መጡ፤ ቀሚስ አልተጨማደደ፣ ሹፌር አልተሳቀቀ። ጎረምሶቹም ጉልበታቸውን መኪና ላይ ሳይጨርሱ ደርሰው መንገዱን በጭፈራ አናወጡት። የሰልፉ ጫፍና ጫፍ አይተያይም ነበር። አቶ ነገራ ከደጃቸው ወጥተው ሲያዩ፣ «ወዳጄ ጎሹ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ የእርስዎ ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው» አሉ አቶ ጎሹ። እንደዚያ ሲኮሩ አይቻቸው አላውቅም።

አንባቢዬ ሆይ፣ በአውቶቡስ የመሄድ ጥቅሙ ይኸው ነው። አጃቢን ማክበር ወንበር በመስጠት ይጀምራል፤ ክብርም በአንድ መኪና በመታጨቅ አይገኝም።

አመሻሹ ላይ ተመልሰን ባምባሲ ስንደርስ፣ አቶ ጎሹ የመጨረሻው አውቶቡስ በር ሥር ቆመው የሚወርደውን ሰው ትከሻ እየነኩ፣ ቀድመው በደረሱት ላይ እየደመሩ ይቆጥሩ ነበር። ጠዋት የተሳፈሩት ዘጠና ስድስት ነበሩ። ከኋላ አንድ የተኛ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ወረደ። ጎንበስ ብለው ትንፋሹን አዳመጡ።

«ዘጠና ስድስት» አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው እንባቸው ወረደ።

«አሰለፈች፣ አልጎደለም።»