ስለ ኑሃ ከንፈር በሐኪም ቤት ደጃፍ የተደረገ ሙግት

ባለፈው ጥቅምት ጉልበቴን ልታይ አሶሳ ሐኪም ቤት ሄጄ፣ ከባምባሲ ከመጡ ሁለት ሴቶች አጠገብ ተቀመጥሁ። ታላቂቱ እማማ ብኸይታ፣ ታናሺቱ ምራታቸው ዓፊያ ናት። ዓፊያ የታቀፈቻት የአምስት ወር ልጇ ኑሃ ላይኛው ከንፈሯ ከውልደቷ ጀምሮ የተሰነጠቀ ነው።

በዚያ ሳምንት የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ የሚጠግኑ ሐኪሞች መጥተው ነበር። ዓፊያ የመጣችው ልጇን ልታሳክም ነው፤ አማቷ ግን ሊመልሷት ተከትለዋት ኖሯል።

“ተነሽ፣ እንሂድ!” አሉ እማማ ብኸይታ። “እርጉዝ ሆነሽ ማንጎ በቢላ አትቁረጪ ብዬ አልነበረም? ይኸው፣ ቢላው ልጅቷን አገኛት! አላህ የጻፈው በመርፌ አይሰፋም።”

ዓፊያ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። ያን ጊዜ መዝገብ ይዛ ተራ የምትጠራው ነርስ ሩሐማ ቀርባ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

“እናቴ፣ በዚህ አገር ማንጎ በቢላ ያልቆረጠች እርጉዝ ትገኛለች?”

“እ... የለችም።”

“ታዲያ ልጆቹ ሁሉ ለምን አልተሰነጠቁም?”

“አይ አንቺ የወረቀት ልጅ! ቢላው የኛን ቤት መርጦ ነዋ! ሰው ቢሰማ የተረገመ ቤት ይለናል። ሴት ልጆቼን ማን ያገባል?”

ለካ እማማ የፈሩት መርፌውን ሳይሆን የሰውን ዓይን ነው!

“እንግዲያው ይነሱ፣ ሰው እንይ” አለችና ሩሐማ እጃቸውን ይዛ በወረፋው መካከል አለፈች። እኔም ጉልበቴን ረስቼ ተከተልሁ። የፓዌው ገበሬ ጫኔ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ወንድ ልጁን ታቅፏል። በለጡ የምትባል እናትም እንዲሁ ያለ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ከወንበራ መጥታለች። ጅረኛ የሚባል ጢም ያወጣ ጎልማሳ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ አፉን በእጁ ከልሏል።

“ይህ ሁሉ የማን እርግማን ነው?” አለች ሩሐማ። “እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ደገኛውም ቆለኛውም አለ። እዚህ መዝገቤ ላይ ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ስንጥቁም አብዛኛው በግራ በኩል ነው። ቢላ ግራና ቀኝ ይለያል እንዴ? ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከንፈሩ ሳይገጥም ሲቀር ነው እንጂ።”

እማማ ብኸይታ ጅረኛን ትኩር ብለው አዩት። “ልጄ፣ አንተ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?”

“ቤት” አለ በአፍንጫው በሚወጣ ድምፅ። “እናቴ ሰው እንዳያየኝ ብላ ደበቀችኝ። ትምህርት ቤትም አልገባሁ። እሷ ስትሞት ነው ብቻዬን የመጣሁት።”

እማማ የጅረኛን ትከሻ ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ልጇን ታቅፋ ከኋላችን ወደ ተከተለችው ዓፊያ ዞረው፣ “ምን ትጠብቂያለሽ? አስመዝግቢ እንጂ! ተራችን ሊያልፍ ነው!” ቢሉ፣ ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ጅረኛም እጁን ከአፉ አንሥቶ ሳቀ።

የኑሃ ከንፈር በማግስቱ ተሰፋ። በሳምንቱ ስመለስ፣ ቀድሞ ስትጠባ ወተቱ ከአፏ ይፈስባት የነበረችው ልጅ ጡቱን ግጥም አድርጋ ይዛ ስትጠባ አገኘኋት። እማማ እልልታውን አቅልጠውት፣ ሩሐማ “ኧረ በሽተኞች ተኝተዋል!” ትላለች።

ልጆቼ፣ እኔ የተማርሁት ጥቂት ነው፤ ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በጊዜው የታከመ ልጅ ጠብቶ ያድጋል፣ አፉ ይፈታል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይማራል። የተደበቀ ልጅ ግን ያለ በደሉ ይታሰራል።

ሐኪሞቹ በሚያዝያ ሲመለሱ፣ እማማ ብኸይታ ሦስት እናቶችን ከነልጆቻቸው አስከትለው ከባምባሲ መኪና ወረዱ። አንደኛዋ በሩ ላይ ብታመነታ፣ ከኋላ ገፋ አድርገው፣ “ግቢ እንጂ! ወላሂ እኔም እንዳንቺ ሞኝ ነበርኩ” አሏት።