የአብዮት ጥበቃውን የመታሁት ለት

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በአብዮቱ ዘመን ቦክስ ስንለማመድ ከእኔ ጋር የሚጋጠመው ሰይድ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ነበር። ሦስት ጊዜ ዘርሮኛል። አሠልጣኛችን ጋሽ ይመር፣ «እጁን ተወውና ትከሻውን እይ» አሉኝ። በአራተኛው ትከሻው ሲነቃነቅ ዝቅ አልኩና አፍንጫው ላይ ቡጢ አቀመስኩት። ደም በደም ሆኖ ወደቀ። ተነሣና ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን ጠመንጃውን እንዳነገተ ደጃችን መጣ። እናቴ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ልጄን ተወው!» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

«ኧረ ይነሡ እናቴ!» አለ ደንግጦ። ወደ እኔ ዞረና፣ «ይህን መሣሪያ ከያዝኩ ወዲህ ካንተ በቀር ደፍሮ የመታኝ ሰው የለም። ነገ ከልምምድ እንዳትቀር» አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ፊቱን ክፍት አድርጎ ቢጠብቀኝም እናቴ እግሩ ላይ መውደቋ እየታየኝ እጄ አልነሣ አለኝ።