አንድ ክራር ለሁለት ከተማ

ጋሽ አካለ ወልድ ቢቸና መናኸሪያ ተቀምጠው ወደ ደጀን የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ሲጠብቁ፣ ከጎናቸው ካለችው ልጅ ስልክ የፋንታ ክራር ሲወጣ ሰሙ። ያንን ድምፅ አይስቱትም። ከፋንታ ጋር ጎን ለጎን ሆነው ስንቱን ሰርግ ቤት ሲያደምቁ ኖረዋል። ፋንታ ሞጣ ልጁ ዘንድ ከገባ ወዲህ ግን ስርጉት ከምትባል ወጣት ጋር ይመታል ሲባል ሰምተው፣ ቅናት እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር።

«ስርጉት አንቺ ነሽ?» አሏት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

እሷው ነበረች። ኮምፒውተር የተማረች ናትና በትህትና ሥራዋን አስረዳቻቸው። የፋንታን ክራር ክር በክር ቀድታ ስልክ ውስጥ አስገብታዋለች፤ በየከተማው ያሉ ሰዎች ክሮቹን ተከፋፍለው በኢንተርኔት ባንድ ጊዜ ይመቱታል። አሁንም ፋንታ ሞጣ ሆኖ እየመታ ነው።

ጋሽ አካለ ወልድ ግን ቀናሁ ማለት ለሽማግሌ አይመችምና ነገሩን በክርክር ሸፈኑት፤ እንጨትና ቆዳ የሌለው ነገር ክራር አይባልም አሉ።

«ደግሞስ ሞጣና ቢቸና እንዴት ምት ይገጥማሉ? የኔትወርኩን መንቀራፈፍ እናውቀው የለ።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ብዙ ያደከመኝ እሱ ነው። በመጨረሻ የሁሉንም ድምፅ እኩል አዘገየሁት። የቀደመው የዘገየውን ጠብቆ አብረው ይሰማሉ። እርስዎና ጋሽ ፋንታስ አትጠባበቁም ነበር?»

በእርግጥም ሲጠብቃቸው የኖረው ፋንታ ነበር።

ስርጉት ወደ ጨዋታዋ ተመልሳ አምባሰሉን ገና ስትጀምር አበላሸችው። ይህንንስ አልቻሉትም። እንዲህ ያለ እጅ ከፋንታ ጎን ሲቀመጥ ዝም ብሎ ማየት ሞት ነው ብለው ስልኩን ተቀበሏት። መስታወቱ መጀመሪያ ጣታቸውን አዳለጠው፤ ቆይተው ግን ምቱን ያዙት። ወዲያው ከሞጣ ይሰማ የነበረው የፋንታ ክር ቆመ።

«አካለ፣ አንተ ነህ?» አለ ፋንታ ከስልኩ።

«ታዲያ ማን እንዲህ ይመታልሃል?» አሉ፣ መምታታቸውን ሳያቋርጡ።

የደጀኑ መኪና ሞልቶ ሄደ፤ እሳቸው አላዩትም። ስርጉትም ጉልበቱ የደከመ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ጓደኛውን እንደሚያገኝ፣ ክራር የሌለው ልጅ ከባለሙያ እንደሚማር፣ የአንድ እጅ የክራር ምት ከባለቤቱ ጋር እንደማይቀበር ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሁሉንም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ፤ ተረትተዋል።

«ደግ ሥራ ነው የሠራሽው፤ የእኔንም ክራር መጥተሽ ቅጂው» አሉ። «አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ክር ፈልጊ። ከፋንታ ጎን ያለው የእኔ ነው።»